«ፋቡላ»፦ አራዊት ስለ መንግሥት የተናገሩበት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት

አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ እና አህያ በድርቅ ዘመን ተሰብስበው መከሩ። «ይህ መዓት የመጣብን ከመካከላችን አንዱ ኃጢአት ሠርቶ ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ ሰብሮ መብላቱን፣ ነብር ፍየል መንጠቁን፣ ጅብም እንዲሁ የበላውን ተናገሩ። «ይህማ ተፈጥሯችሁ ነው» ተባለላቸው። አህያ ግን ባለቤቷ ቆሞ ሲጫወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናዘዝ «ጥፋተኛዋ ተገኘች» ብለው በሏት።

ይህን ተረት በገጠር ያደገ ሰው ከእሳት ዳር ሰምቶት ይኾናል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ላ ፎንቴንም ከ300 ዓመታት በፊት ተመሳሳዩን ጽፏል። በእርሱ ዘንድ አራዊቱን ያሰባሰባቸው ድርቅ ሳይኾን ወረርሽኝ ነው፤ የምትሞተው ግን እዚያም አህያ ናት።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የበቀለው ከዚህ ዓይነቱ ዘር ነው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል፤ መነሻውም የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ናቸው። ደራሲው ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የጦር ትምህርት ተምረዋል።

ተውኔቱ የተጻፈበት ምክንያት ራሱ ቀልድ አያጣውም። ደራሲው ከአውሮፓ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር አለ ተብለው ቢጋበዙ ያዩት ዘፈን እና ጭፈራ ነበር። ቴአትር ማለት ምን እንደኾነ ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። ተውኔቱም በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በከተማዋ ቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ቀረበ። አራዊቱ የሚናገሩት ስለ ጉቦ፣ ስለ ሥራ ጠልነት እና ስለ ኋላቀር አሥተዳደር ነበር።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት።

የእንስሳት ሽፋን ደራሲውን ለምን አላዳናቸውም? ተረት በገጠር የሚነገረው ጎረቤት ለጎረቤት ነው። ሹሙ በቦታው የለም፤ ቢኖርም ተራቹ «ተረቴን መልሱ» ብሎ ይወጣል። ቅኔ ዐዋቂም ወርቁን በሰም ሸፍኖ ማምለጫ ያበጃል። በሆቴሉ አዳራሽ ግን የሚነቀፉት ሹማምንት ራሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ መድረክ ተረትን ሥጋ ያለብሰዋል፤ ተዋናዩ አካሄዱን እና ድምፁን ሲያክልበት ተመልካቹ «ይህ ጅብ እገሌ ነው» ማለቱ አይቀርም። ጭምቱ መኳንንት ባይስቅ እንኳ ጎን ለጎን መተያየቱን ማን ይከለክለዋል?

እገዳው ያረፈው በአንድ ጽሑፍ ላይ ብቻ አልነበረም። ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአማርኛ ቴአትር ጉልህ እርምጃ አላሳየም። ዳግም የተነቃቃው ከቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ ነው፤ በዚያ ወቅት ከደመቁት ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የተገኙት ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

የሚያስገርመው የተውኔቱ ደራሲ ከመንግሥት ሥራ አለመራቃቸው ነው። ጨርጨርን አሥተዳድረዋል፤ የዛሬዋን ጭሮ፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪን ቆርቁረዋል። የ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ረቂቅ የእርሳቸው እጅ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማም ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለሀገራቸው ተሟግተዋል። አራዊትን አናግረው የነቀፉትን አሥተዳደር በሕግ ሊያቀኑት ሞክረዋል ማለት ይቻላል።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለሐዋርያትም ወደ መድረክ መጥተው «ቴዎድሮስ» የተሰኘውን ተውኔት ጽፈዋል። አባትዬው ግን ከረጅም ስደት ሲመለሱ የመረጡት ሐረርጌ ውስጥ በሂርና እርሻቸውን ማረስ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አርፈዋል።