ቁንጭር፦ ፊት ላይ የሚቀር በሽታ

የመካከለኛው ምሥራቅ እናቶች ከሐኪሞች ቀድመው የደረሱበት ነገር ነበር፤ ቁንጭር የተባለው የቆዳ ቁስል ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ ብዙም አይያዝም። ስለዚህ ከታመመ ልጅ ቁስል ወስደው የራሳቸውን ልጅ በልብስ በሚሸፈን ገላው ላይ ይከትቡት ነበር። ፊቱ እንዲተርፍ ነው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ራስል ስለ ሶርያዋ ሐለብ በ1756 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ባሳተመው መጽሐፍ ቁስሉን ገልጾታል። መንሥኤው የሆነውን ተሕዋስ ለይቶ ያየው ግን በ1898 ታሽከንት የነበረው የሩሲያ ጦር ሐኪም ፒዮትር ቦሮቭስኪ ነው። የጻፈው በሩሲያኛ በመሆኑ ምዕራባውያን አላነበቡለትም። በ1903 አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሆመር ራይት ቦስተን ላይ ተሕዋሱን ከአንዲት አርመናዊት ልጅ ቁስል ሲያሳይ ክብሩ ለእሱ ሆነ። ቦሮቭስኪ ተበድሏል።

ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና በ1912 የአንቲሞኒ ጨው በሽታውን እንደሚያድን አሳወቀ። ዛሬም ዋናው መርፌ የዚያው የአንቲሞኒ ዘር ነው፤ ገዳይ ላልሆነ የድሃ በሽታ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ጥቂት ነው።

የአገራችን ቁንጭር የራሱ ጥገኛ ተሕዋስ አለው፤ በ1973 ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ ተብሎ ተሰየመ። ማደሪያው ሽኮኮ ነው፤ ወደ ሰው የምታሻግረው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በጋሞዋ ኦቾሎና በወሎዋ ኩታበር፣ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ደጋዎች የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

ምርመራው ረቂቅ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ባለሙያው የቁስሉን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ደም እስኪሸሽ ይይዘዋል፤ በምላጭ በትንሹ ሰንጥቆ ይፍቅና ስላይድ ላይ ይቀባል። ከጠርዙ የሚወሰደው፣ መሐል ላይ ያለው የሞተ ሥጋ ስለሆነ ተሕዋሱ ብዙ ስለማይገኝበት ነው። ስላይዱ በጊምሳ ቀለም ከተነከረ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ተሕዋሶቹ በሴሎች ውስጥ የታጨቁ ሞላላ ነጥቦች ሆነው ይወጣሉ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው በሽታው ከሥጋ ደዌ ጋር የሚምታታው፤ በተለይ እብጠቱ ፊትንና እጅ እግርን ሲያዳርስ። እንዲህ ያለው ሰው ከመታከሙ በፊት ከጎረቤት ይገለላል።

ትንሽ ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ብዙውም በጊዜ ብዛት ራሱ ይድናል፣ ጠባሳውን ትቶ። የተስፋፋው ግን በየቀኑ ለ28 ቀን ያህል መርፌ ይጠይቃል። መርፌው ያማል፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ልብንም ሊያውክ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ለአንድ ገበሬ ይህ ማለት ማሳውን ጥሎ ሆስፒታል ባለበት ከተማ አንድ ወር መክረም ነው። ምላጩና ማይክሮስኮፑ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ቢገኙ፣ ብዙው ሰው ቁስሉ ገና አንድ ሳለ ይታከም ነበር።