ዜማው ይቅደም፣ ሕጉ ይከተል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግጥም ትምህርት ነው። ብዙ ሰው «ግጥም የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ገና ፊደል መለየቴ ነው» ይላል። አስተማሪውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሰሌዳው ነው፤ «ስንኝ ማለት ይህ ነው፣ ቤት ማለት ያ ነው» ብሎ ትርጉም ያስጽፋል። ተማሪው ይጽፋል፣ ይሸመድዳል፤ ግጥም ግን አይገጥምም። የአገራችን ታሪክ የሚያሳየን ሌላ መንገድ ነው። በእኛ ዘንድ ግጥም የሚለመደው በጆሮ ነበር። ዜማው ይቀድማል፣ ሕጉ ይከተላል። ትምህርቱም በማኅበር ነው።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንዳቆመ በትውፊት ይነገራል። የዜማው ምልክቶች በጽሑፍ የተደራጁት ግን፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባሉት ዘመናት ሁሉ ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ ማለት ነው።

ቅኔ ቤትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አዲስ ገቢው ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ቀስ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። እያንዳንዱ የቅኔ ዓይነት የዜማ ልክ አለው። ቃሉ ማጠሩና መርዘሙ የሚታወቀው በዚያ ልክ ሲሰፈር ነው። ተማሪው ቀን ጥግ ይዞ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ በየኔታ ፊት ይነግራል። የኔታ ሲያርሙ ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ የአንዱ መታረም ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ቀደም ብሎ የገባውም አዲሱን ይረዳል። ይህን ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ የአለቃ ለማ ኃይሉን «መጽሐፈ ትዝታ» ያንብብ። ልጃቸው ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አፍ ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው።

ከቤተ ክህነት ውጭስ? ቡሄ ሲደርስ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሲጨፍሩ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። በደቦ እርሻና በአጨዳም እንዲሁ ነው። አዝማሪ ሲጫወት ደግሞ ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ይመልሰዋል። ማንም ስለ ስንኝ ትርጉም አላስጻፋቸውም። ዳሩ ግን ግጥሙ ቤት ካልመታ ጆሯቸው ወዲያው ያውቃል። ከአማርኛ ግጥም ልኮች አንዳንዶቹ «ሰንጎ መገን» እና «ቡሄ በሉ» ተብለው በዘፈን ስም መጠራታቸውም በከንቱ አይደለም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ፊደል ለመቁጠር ከተቀመጡት ገበሬዎችና እናቶች ብዙዎቹ ሙሾውን፣ ቀረርቶውን፣ የደቦውን ዘፈን ይዘው ነው የመጡት። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ስለ ግጥም ምንም አያውቅም ይባላል እንዴ?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ተቀመጡ። የምታውቁትን ዜማ አንጎራጉሩ፣ አጨብጭቡ። የወል ቤት በሚባለው ልክ አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለት ስድስት የድምፅ ምት ይይዛል። ለልምምድ ያህል ይህችን እንይ፦

ፊደል ቆጥሬ ዋልኩ ከታናሽ ልጄ ጋር፤
እጄ እርፉን ለምዶ ብዕር ሆነበት ጣር።

«ፊ-ደል-ቆጥ-ሬ-ዋል-ኩ» እያላችሁ በጭብጨባ ቁጠሩ፤ ስድስት ነው። «ጋር» እና «ጣር» ደግሞ ቤት መቱ። ቀጥሎ አንዱ አንድ ስንኝ ያውርድ፣ ሌሎቹ ቤት የሚመታውን ይፈልጉ። ቀለም የጎደለበት ሲመጣ አትሳቁበት፤ አብራችሁ ሙሉለት። ሕጉን አስተማሪው የሚናገረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው በእጁ የያዘውን ነገር ስም ይሰማል።

ሰምና ወርቅም የጆሮ ነገር ነው። «ገና» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም፤ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ግጥምን በዝምታ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ወርቁ ሊያመልጠው ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በቀበሌያችሁ ካሉት አረጋውያን ዘንድ ሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ዜማውን ይያዝ፤ የቀሩት ቀለሙን ይቁጠሩ። አንዲት አልቃሽ ስታርፍ ያልተጻፈ ሙሾዋ አብሯት ይቀበራል። የጻፋችሁትንም ለራሳቸው መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የጎደለውን እነሱ ያርማሉ።