ማኛው በሰርገኛ ጆንያ



ዛሬ ታሪክ ልናወራ ነው። ታሪክ ስንል ግን የነገሥታት ዜና መዋዕል አይደለም። ላፕቶፓችሁ ሆድ ውስጥ የተቀመጠችው፣ ጥፍር የምታህለው ቺፕ ታሪክ ናት። በእሷ ምክንያት አርባ ዓመት ያስቆጠረ ጠብ አለ። በአንድ ወገን ፕሮሰሰር የሚሠሩት ኩባንያዎች፣ በሌላው ወገን ደግሞ ፕሮሰሰሩን ገዝተው "አንተ እኮ ከዚህ በላይ ትሮጣለህ!" የሚሉት ልጆች ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከኪሳችን ከፍለን የገዛነው ዕቃ ምን ያህል እንደሚሮጥ የሚወስነው ማን ነው? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ፕሮሰሰር እንደ ልብ ምት አለው። በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ይራመዳል። ሜጋኸርዝ የምንለው በሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ምቱን የሚመታለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ክፍል ነው፤ ፕሮሰሰሩ ያንን ምት ይቀበልና በተወሰነ ቁጥር አባዝቶ ይሮጥበታል። መቶ ሲመታለት በአራት ተኩል ካባዛው 450 ሆነ ማለት ነው። ይህችን ሂሳብ ያዙልን፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ደግሞ ወደ ፋብሪካው። ከአንድ ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ብዙ ቺፖች ይቆረጣሉ፤ መልካቸው አንድ ቢሆንም ጉልበታቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ አንድ በአንድ ይፈተናሉ። በከፍተኛ ፍጥነት ሳይሳሳት የሠራው ትልቅ ቁጥር ይታተምበትና በውድ ይሸጣል፤ የደከመው ትንሽ ቁጥር ይሰጠውና በርካሽ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ፍትሐዊ ነው። ነገሩ የሚጣመመው ፋብሪካው ሥራውን እየተካነ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ አብዛኞቹ ቺፖች ፈተናውን ያልፋሉ፤ ገበያው ግን አሁንም በብዛት የሚጠይቀው ርካሹን ነው። ነጋዴው ምን ያደርጋል? ማኛውን ጤፍ በሰርገኛ ጆንያ ሞልቶ፣ በሰርገኛ ዋጋ ይሸጣል። ኦቨርክሎክ የሚባለው ነገር ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ትቶ ውስጡ ያለውን ማየት።

የመጀመሪያው ትልቅ ግጭት በ1984 ከወጣው ከአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ጋር መጣ። ማሽኑ የሚሮጠው በ6 ሜጋኸርዝ ነበር። ምቱን የምትመታው ትንሽዬ ክሪስታል ደግሞ በሶኬት ላይ የተሰካች ስለነበረች፣ ነቅሎ ሌላ መሰካት ቀላል ነው። ሰዎች ባለ 12ቷን ክሪስታል አውጥተው ባለ 16 ሲሰኩበት፣ ያው ማሽን በ8 ሜጋኸርዝ መሮጥ ጀመረ። ለጥቂት ዶላር የሲሶ ያህል ፍጥነት! አይቢኤም ግን ነገሩ አልጣመውም። ኋላ በወጣው የባዮስ ቅጂ ውስጥ ፍጥነቱን የሚለካ ፈተና ጨመረ፤ ክሪስታሉ ተቀይሮ ሲያገኘው ማሽኑ "አልነሳም" አለ። በ1986 ደግሞ ራሱ አይቢኤም ያንኑ ኤቲ በ8 ሜጋኸርዝ አውጥቶ ሸጠው። የቀረው ታሪክ ሁሉ የዚህ ድግግሞሽ ነው፤ ልጆቹ ያገኙታል፣ ኩባንያው ይዘጋዋል፣ ከዚያ ራሱ ይሸጠዋል።

ለኩባንያዎቹም ግን ፍትሕ እንስጥ። በ1990ዎቹ ሌላ ዓይነት ብልጦች ብቅ አሉ። እነዚህ ርካሽ ፔንቲየም ገዝተው፣ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር ፍቀው፣ ትልቅ ቁጥር አትመውበት በውድ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ናቸው። ገዢው ባለማወቅ ከአቅሙ በላይ የሚሮጥ፣ የሚግል፣ በየመሀሉ የሚቆም ማሽን ይዞ ቤቱ ይገባል። ኢንቴል በአስርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ የማባዣውን ቁጥር ሲቆልፍ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው። ቁልፉ ግን ሌባውን ከባለቤቱ አይለይም፤ ሌባ ሊሸጥ የሚፍቀውንም፣ ባለቤት ለራሱ የሚነካካውንም እኩል ከለከለ።

ማባዣው ቢቆለፍም ግን ምቱ ቀርቶ ነበር። ኦገስት 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። በ66 ሜጋኸርዝ ምት በአራት ተኩል ተባዝቶ 300 ይሮጣል። ዋጋው 149 ዶላር። በዚያው ቀን የወጣው ፔንቲየም ቱ 450 ግን 669 ዶላር ነበር። አሁን ያቺን ሂሳብ አምጧት፤ ምቱ ከ66 ወደ 100 ከፍ ቢል? 450! ሴሌሮኑ ደግሞ ሳይሳሳት ይሮጥ ነበር፤ ሁሉም ባይሆን እንኳ እጅግ ብዙው። ማዘርቦርዱ ምቱን ከፍ አላደርግም ካለም መላ አልጠፋም፤ ከፕሮሰሰሩ እግሮች አንዷን በቁራጭ ፕላስተር ወይም በጥፍር ቀለም መሸፈን ይበቃ ነበር። ማዘርቦርዱ ያቺን እግር ሲያጣት "ይሄስ ባለ መቶ ነው" ብሎ ያምናል። በጥፍር ቀለም 500 ዶላር ማትረፍ ማለት ይህ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የእርሳስ ዘመን መጣ። ኤኤምዲ በ2000 ባወጣቸው ተንደርበርድ አትሎን እና ዱሮን ፕሮሰሰሮች ላይ ረድፍ የያዙ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች ነበሩ። ፋብሪካው በነጥቦቹ መካከል ያለውን መስመር በሌዘር ሲቆርጠው ማባዣው ይቆለፋል። የእርሳስ ግራፋይት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ የትምህርት ቤት እርሳስ ቀርጾ ነጥቦቹን ማገናኘት ብቻ ነበር የሚጠበቀው፤ ቁልፉ ተከፈተ። ኤኤምዲ በ2001 አትሎን ኤክስፒን ሲያወጣ መቁረጫው ጉድጓድ ሆኖ መጣ፤ እርሳስ አይሞላውም። ልጆቹም ጉድጓዱን በማጣበቂያ ደፍነው በላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም ቀቡበት። እልህ ነው እንግዲህ!

ይህ ሁሉ ግን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ታሪክ ነው። ላፕቶፕ ሌላ ፈተና ነው። ባዮሱ ውስጥ የፍጥነት ማስተካከያ ብዙ ጊዜ አታገኙም። ቦታው ጠባብ፣ ማራገቢያው ትንሽ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ፕሮሰሰር የሚበላው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው። ያም ሆኖ ከ2004 ጀምሮ በወጣው ዶታን በተባለው ፔንቲየም ኤም ላይ መንገድ ተገኘ። ፕሮሰሰሩ ከእግሮቹ መካከል "እኔ የምፈልገው ምት ይህን ያህል ነው" እያሉ ለማዘርቦርዱ የሚናገሩ ጥቂት እግሮች አሉት። ሶኬቱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አስገብቶ ተገቢዎቹን እግሮች ሲያገናኙ መልእክቱ ይቀየራል፤ የ100 ምት 133 ይሆናል። በ16 ሲባዛ 1.6 ጊጋኸርዝ የነበረው ላፕቶፕ 2.13 ሆነ። ኋላም በኮር ቱ ዱዎ ዘመን በዚሁ ዘዴ ብዙ ላፕቶፕ ተነካክቷል።

ማዘርቦርዱ አዲሱን ምት የማያውቅ ከሆነ ግን ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ይቀራል። ሽቦዋ ካለ ቦታዋ ከነካች ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ሊቃጠሉ ይችላሉ። በላፕቶፕ ደግሞ ማዘርቦርድ ሞተ ማለት ማሽኑ ሞተ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን እያወቁ ነበር የሚገቡበት፤ ኪሳራውም ትርፉም የራሳቸው ነበር። እኛ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው እንላለን።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2010 ኢንቴል ፔንቲየም ጂ6951 በተባለው ፕሮሰሰር አዲስ ሙከራ ጀመረ። ማሽኑን የገዛ ሰው 50 ዶላር ጨምሮ ካርድ ቢገዛ፣ ኮዱን ሲያስገባ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለ፣ ግን የተዘጋ ችሎታ ይከፈትለታል። ከፍሎ ቤቱ ባስገባው ዕቃ ውስጥ የተቆለፈ ክፍል አለ፤ ቁልፉ ለብቻው ይሸጣል! ጩኸቱ በዛና ሙከራው ብዙ አልቆየም። በ2011 ደግሞ ማባዣቸው ያልተቆለፈ፣ ስማቸው ላይ "ኬ" ፊደል የተጨመረባቸው ፕሮሰሰሮች በመጠኑ ወደድ ብለው ለሰፊው ገበያ ወጡ። ትናንት በእርሳስና በጥፍር ቀለም ይገኝ የነበረው ነፃነት፣ ዛሬ ዋጋ ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ላፕቶፑ ጋር በሩ ይበልጥ ጠበበ። የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በሶኬት የመጡበት የመጨረሻው ትውልድ በ2013 የወጣው ሀስዌል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይበየዳሉ። ሽቦ የሚገባበት ሶኬት የለም። ዲሴምበር 2019 ደግሞ የበርሚንግሃም፣ የግራትስ እና የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት የተባለ ድክመት ይፋ አደረጉ። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በሶፍትዌር በልኩ ዝቅ በማድረግ ሆን ብሎ እንዲሳሳት ማድረግና የተቆለፈ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። መፍትሔው ቮልቴጁን መቆለፍ ሆነ። በዚህም ላፕቶፓቸው እንዳይግል ብቻ ብለው ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጉ የነበሩ ብዙ ሰዎች በሩ ተዘጋባቸው። እንደ ፔንቲየሙ ጊዜ አሁንም ምክንያቱ እውነት ነው፤ አሁንም ቁልፉ ሌባውን ከባለቤቱ አልለየም።

እኛ ቁልፍ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። የተፋቀ ቺፕ ተሽጦለት የከሰረ ሰው ቁልፉን ቢመርቅ አንፈርድበትም። የምንለው ሌላ ነው፤ ቁልፉን የሚሠራው ሲሸጥልን ይንገረን፣ መክፈቻውንም ኃላፊነቱን ወስዶ ለሚጠይቅ ባለቤት ይስጥ። ዕቃው የእኛ ከሆነ ስህተቱም የእኛ ይሁን።

እና እናንተስ፣ ዛሬ ማታ ላፕቶፓችሁን ልትፈቱ ነው? ተዉት! የዛሬ ፕሮሰሰር ሙቀቱ እስከፈቀደለት ድረስ ራሱን በራሱ ከፍ አድርጎ ይሮጣል፤ ማኛው ጆንያ ውስጥ ብዙም አልተረፈም። ይልቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛችሁ ማራገቢያውን የደፈነውን አቧራ አስጠርጉ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው የደረቀ ቅባት ይቀየርለት። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ "አርጅቶ ነው" የምትሉት ብዙ ጊዜ ስለታፈነ ነው። ያ ደግሞ ማንም ያልቆለፈው፣ የራሳችሁ ፍጥነት ነው።

ቸር እንሰንብት!