እንግዳውና ነባሩ፤ ስለ አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ በዓል

ከአፍ ወደ ጆሮ ሲወርድ የኖረ ጥበብ ወደ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ከጠባዩ ምኑን ይዞ ይቀራል፣ ምኑንስ ያጣል? ይህ የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምር ሰው ኹሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱን ለመፈለግ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የኾነው ጃዝ በአንድ የገጠር ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደ ተተከለ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጃዝ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከጥቁሮች መካከል የበቀለ ሙዚቃ ነው። በዚህ ጥበብ ዋናው ችሎታ የተጻፈውን ኖታ ማንበብ ብቻ ሳይኾን፣ በታወቀ ዜማ ላይ የራስን ሐሳብ ወዲያው እየፈጠሩ መጨመር ነው። ይህን በወረቀት ለማስፈር አስቸጋሪ ስለ ኾነ፣ ጀማሪው ከታላቁ ተጫዋች አጠገብ ቆሞ እየሰማ፣ በተሳሳተም ጊዜ እየታረመ ይማር ነበር። በእኛም አገር የድጓው ምልክት በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፣ ደቀ መዝሙሩ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ካልተቀበለ ዐወቀ እንደማይባል የታወቀ ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ይህን ሙዚቃ የጭፈራ ቤት ጨዋታ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ንቀውት ነበር። በ1947 የሰሜን ቴክሳስ ኮሌጅ ለዚሁ ትምህርት ዲግሪ መስጠት በጀመረ ጊዜ እንኳ ስሙን «የዳንስ ሙዚቃ ጓድ» አለው እንጂ ጃዝ ብሎ ለመጥራት አልደፈረም። ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው፣ ኮሌጁ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጥቁር ተማሪ የተቀበለው በ1956 መኾኑ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሙዚቃው በግቢው ውስጥ ሲሰማ የባለቤቶቹ ልጆች ከበር ውጭ ቆመው ነበር። እንግዲህ ጃዝ ዩኒቨርሲቲ ገባ በተባለ ጊዜ ማን ገባ፣ ማንስ ውጭ ቀረ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1889 የተመሠረተው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በአሜሪካ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ ከዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ወሰን አጠገብ፣ ሞስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አገሩ ፓሉስ የሚባል ስንዴና ምስር የሚበቅልበት ኮረብታማ ምድር ነው። የጃዝ ሰዎች ከሚኖሩባቸው ታላላቅ ከተሞች የራቀ፣ ነዋሪውም በብዛት ነጭ ስለ ኾነ፣ የዚህ ሙዚቃ መናኸሪያ ይኾናል ብሎ የሚገምት አልነበረም። በ1967 የተጀመረውም በዓል ጥቂት የተማሪ ጓዶች የተሰበሰቡበት ትንሽ ጉባኤ ነበር። በኋላ ግን የዩኒቨርሲቲው መምህር ሊን ስኪነር አመራሩን ይዘው፣ ታላላቅ ተጫዋቾችን ከሩቅ እየጋበዙ ለብዙ ዓመታት አስፋፉት።

በ1984 ከመጡት እንግዶች አንዱ ላዮኔል ሃምፕተን ነበሩ። እኒህ ሰው በ1908 በኬንታኪ ክፍለ ሀገር በሉዊቪል ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸውም በቺካጎ፣ «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ለአዟሪ ልጆቹ ባቋቋመው የሙዚቃ ጓድ ከበሮ መቱ። በ1930 በሎስ አንጀለስ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ሸክላ ሲያስቀርጹ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ቫይብራፎን ተጫወቱበት። ቫይብራፎን በተርታ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎች ያሉት መሣሪያ ነው፤ ከሥሩ ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ ክዳኖች በሞተር እየተሽከረከሩ ድምፁን ያርገበግቡታል። ሃምፕተን ከ1936 ጀምሮ ከቤኒ ጉድማን፣ ከቴዲ ዊልሰንና ከጂን ክሩፓ ጋር አራት ኾነው ተጫወቱ፤ ይህም ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ መታየታቸው ባልተለመደበት ዘመን ነበር። በ1940 ያቋቋሙት ኦርኬስትራ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ኾነ፤ ዴክስተር ጎርደን፣ ዳይና ዋሽንግተንና ኩዊንሲ ጆንስ በወጣትነታቸው በእርሱ በኩል አልፈዋል።

በ1985 በዓሉ በሃምፕተን ስም ተሰየመ፤ በ1987 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስማቸው ተጠራ። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ኮሌጅ የሙዚቃውን ስም ለመጥራት ሲያፍር፣ አሁን ሌላው የጥቁር ተጫዋችን ስም በደጁ ላይ ጻፈ። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

በሃምፕተን ዘመን የበዓሉ ሥራ በቀንና በማታ የተከፈለ ነበር። ቀን ቀን በሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች በየጓዳቸው ኾነው በዳኞች ፊት ይጫወቱ፣ ጒድለታቸውም ይነገራቸው ነበር፤ እንግዶቹ ሊቃውንትም ጥበባቸውን እየተጫወቱ ያስተምሯቸዋል። ማታ በዩኒቨርሲቲው ባለ ጣሪያ ስታዲየም ታላቁ ትርኢት ይቀርባል፤ ብልጫ ያገኙ ተማሪዎችም እዚያው መድረክ ላይ የመውጣት ዕድል ያገኛሉ።

ለተመልካች ክብሩ ኹሉ የእንግዳው ይመስላል። ነገር ግን እንግዳው በጥቂት ቀን ውስጥ ይሄዳል፤ የተናገረውን በልጆቹ ጣትና ጆሮ ላይ የሚያጸናው ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው የሚቀመጠው ነባሩ መምህር ነው። እንግዳው ባይመጣ ትምህርቱ ወረቀት ብቻ ይኾናል፤ ነባሩ ባይኖር ደግሞ የእንግዳው ቃል በድንጋይ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይቀራል። የበዓሉ ጥቅም ኹለቱን ማገናኘቱ ነው።

ጥበቡ ከአገሩ ውጭ ሥር የሚሰድደውም በዚሁ መንገድ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በበርክሊ ከተማሩ በኋላ፣ ሃምፕተን ወደ ጃዝ ያስገቡትን ቫይብራፎን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አስማሙት። መሣሪያው እንግዳ፣ ቅኝቱ ነባር ነበር።

ሃምፕተን በነሐሴ 2002 በኒው ዮርክ በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። በዓሉ በ2007 የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳይ ተቀበለ። ዩኒቨርሲቲውም የጃዝ ሊቃውንትን ቅርስ የሚጠብቅ ክፍል አቋቁሞ፣ የሐያሲውን የሌናርድ ፌዘርንና የትሮምቦን ተጫዋቹን የአል ግሬይን ስብስቦች ይዟል። ይህ ኹሉ የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በጭፈራ ቤትና በመንገድ ላይ የተማረው ትውልድ እያለቀ በሄደ መጠን፣ ለእንግድነት የሚጠራው ሰው ራሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ መኾኑ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የሚጋብዘው የራሱን ድምፅ ይኾናል። መዝገብ ቤት የሙታንን ሥራ ይጠብቃል፤ በተሳሳተ ተማሪ አጠገብ ቆሞ ማረም ግን የሕያው ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለውን በዓል ዕድሜ ለመመዘን የሚፈልግ ተመራማሪ፣ በማታው መድረክ ማን እንደ ወጣ ብቻ ሳይኾን በቀኑ ክፍል ውስጥ ማን ከማን እንደ ተማረ ሊቈጥር ይገባዋል።