ታንክ ጭኖ ዳርቻ የሚወጣው መርከብ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዳግም መደራጀት የቀድሞ መርከቦቹን ያስታውሳል። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸው፣ በፖላንድ የተሠሩ ሁለት ፖልኖችኒ መርከቦች ነበሩት፤ ተግባራቸውም ወደብ በሌለበት ዳርቻ ታንክ ማራገፍ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ መርከብ ንድፍ ፈታኝ ነው። ማዕበል ለመቋቋም ጠለቅ ብሎ መንሳፈፍ፣ ዳርቻ ለመውጣት ደግሞ መቅለል አለበት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ኒደርማየር እ.ኤ.አ. በ1941 መፍትሔ ነደፈ። በመርከቡ ሆድ የተሠሩ ማጠራቀሚያዎች በጉዞ ላይ የባሕር ውኃ ይሞላሉ፤ ዳርቻው ሲቃረብ ውኃው በፓምፕ ይወጣል። የፊት በሩ ተከፍቶ ታንኮቹ ይወርዳሉ። አስቀድሞ ከኋላ የተጣለው መልሕቅ ገመዱ ሲጠቀለል መርከቡን ወደ ጥልቁ ይመልሰዋል። ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ነበር።

እንደ ወላይታ ከባሕር ለራቀ አካባቢ ነዋሪ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የግንባታው ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሠሩት ከ1,000 በላይ መርከቦች ከግማሽ የሚበልጡት የተገነቡት በመሀል አገር፣ በወንዝ ዳር ነው። በኢሊኖይ የበቆሎ እርሻዎች መካከል የምትገኘው ትንሿ ሴኔካ ብቻዋን 157 ሠርታለች። ከሠራተኞቿ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት መርከብ ሠርተው አያውቁም ነበር። የተጠናቀቁት መርከቦች በኢሊኖይና በሚሲሲፒ ወንዞች እየተጓዙ ባሕር ደርሰዋል።