ስድስት ሰዎች የጀመሩት ጉዞ፤ የዌልስ ፓርቲ አጭር ታሪክ

ዌልስ ከእንግሊዝ አገር በስተምዕራብ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ሕዝቧም ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ የራሱ ቋንቋ አለው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1536 ዓ. ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር የሚያዋሕድ ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅም ሰው ሹመት እንዳያገኝ ተከለከለ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ በ1588 በዌልስኛ ስለ ተተረጐመ፥ ቋንቋው በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ተጠብቆ ቈየ።

በ1925 በፑልሄሊ ከተማ ስድስት ሰዎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ዛሬ ፕላይድ ከምሪ፥ ማለት የዌልስ ፓርቲ፥ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው ዓላማቸውም ቋንቋውን ከመጥፋት ማዳን ነበር።

በ1936 መንግሥት ፔኒበርት በተባለ ስፍራ የቦምብ ጣዮች አውሮፕላን ማሠልጠኛ ሲሠራ፥ ደራሲው ሳውንደርስ ሉዊስ፥ ሰባኪው ሉዊስ ቫለንታይንና መምህሩ ዲ. ጄ. ዊሊያምስ እሳት ለቀቁበት። ከዚያም ሳይሸሹ ራሳቸው ወደ ፖሊስ ሄደው እጃቸውን ሰጡ። በካርናርቮን የተሰየሙት የሕዝብ ፈራጆች ሊስማሙ ስላልቻሉ፥ ነገሩ ወደ ለንደን ተዛውሮ እያንዳንዳቸው የ9 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ከዚህ ይልቅ የሕዝቡን ልብ የነካው የውሃ ነገር ነው። የሊቨርፑል ከተማ ውሃ እንድታገኝ የትሪወሪን ሸለቆ ይገደብ የሚል ሕግ በ1957 ለፓርላማ ቀረበ። ከዌልስ እንደራሴዎች መካከል የደገፈው አንድም አልነበረም፤ ዳሩ ግን በቍጥር ጥቂቶች ስለ ነበሩ ሕጉ ጸደቀ። በ1965 ካፔል ኬሊን የተባለችውን መንደር ከነትምህርት ቤቷና ከነጸሎት ቤቷ ውሃ ዋጣት። በሚከተለው ዓመት የፓርቲው መሪ ግዊንቮር ኤቫንስ ከካርማርዘን ተመርጦ በፓርላማ የፓርቲው የመጀመሪያ እንደራሴ ሆነ። እስከዚህ ለመድረስ 41 ዓመት ፈጀ!

መንገዱ ከዚያም በኋላ ቀና አልነበረም። በ1979 ለዌልስ የራሷ ሸንጎ ይቋቋምላት ወይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ፥ ድምፅ ከሰጠው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል እንቢ አለ። በ1997 ግን ተመሳሳይ ጥያቄ በ6,721 ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ፤ ሸንጎውም በ1999 ሥራውን ጀመረ። ጥያቄውን ለሕዝብ ያቀረበው በሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ መንግሥት መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ ትንሽ ፓርቲ ራሱ ባያሸንፍም፥ ያነሣውን ጥያቄ ትልልቆቹ ሳይወዱ እንዲሰሙት ሊያደርግ ይችላል። ሙሉ ነጻነት ግን እስካሁን አልተገኘም፤ በዚህም ጉዳይ የዌልስ ሕዝብ ራሱ አንድ ልብ አይደለም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ነገር ግን ትዕግሥት ሁሉን ነገር አይመልስም። የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት በ2005 ይቅርታ ጠይቋል፤ ካፔል ኬሊን ግን ዛሬም ከውሃው በታች ናት። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ብዙዎች በድምፅ ሲወስኑ፥ ውሳኔው በቤታቸው ላይ የሚወድቅባቸውን የጥቂቶቹን ቃል አስቀድሞ መስማት እንደሚገባ ነው።