በፍሎፒ የሚጽፈው ካሜራ ለምን አሸነፈ?

የዲጂታል ካሜራ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በፒክስል ቁጥር ነው። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የሙከራ መሣሪያ 10 ሺህ ፒክስል ነበረው፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ መቶ ሺዎች፣ ወደ አንድ ሚሊዮን፣ ወደ ብዙ ሚሊዮን ሲያድግ ተራኪዎችም ቁጥሩን እየተከተሉ የእያንዳንዱን ዘመን አሸናፊ ይሰይማሉ። ይህ አተራረክ እ.ኤ.አ. 1997 ላይ ሲደርስ ግን ማስረዳት የማይችለው ነገር ይገጥመዋል። በዚያ ዓመት ሶኒ “ዲጂታል ማቪካ ኤፍ ዲ 7” የተባለውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የሚያነሳው ፎቶ ወርዱ 640፣ ቁመቱ 480 ፒክስል፣ በድምሩ 307,200 ፒክስል ነበር። ይህ መጠን የአፕል ኩባንያ ኩዊክቴክ 100 ከ3 ዓመት በፊት ይዞት ከመጣው አንዲት ነጥብ አይበልጥም። በዚያው ዓመት ደግሞ ባለ አንድ ሚሊዮን ፒክስል ካሜራዎች ከ1,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ለተራው ሸማች መቅረብ ጀምረው ነበር። እንዲህም ሆኖ የማቪካ ቤተሰብ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ገበያ በብዛት ከተሸጡት ዲጂታል ካሜራዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በፒክስል የተበለጠ ካሜራ በገበያ የበለጠው ሁለት ጥያቄዎችን ከሌሎቹ ቀድሞ ስለመለሰ ነው፦ ፎቶ አንሺው ከሩቅ ያለውን ነገር እንዴት ያቀርባል? ያነሳውንስ ምስል እንዴት ለሌላ ሰው ያደርሳል? የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ የካሜራን ዋጋ ከፒክስሉ ቁጥር ይልቅ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይለኩታል።

ከሁለተኛው ጥያቄ እንጀምር፤ በዚያን ጊዜ ተጠቃሚውን ይበልጥ ያስመርር የነበረው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ኩዊክቴክ 100 በሙሉ ጥራቱ 8 ፎቶ ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዙም የለውም፣ ምስሉን ለማየት የሚያስችል ስክሪንም የለውም። በ1995 የወጣው የካሲዮ ኪው ቪ 10 ስክሪኑን ከጀርባው ይዞ በመምጣት ትልቅ እርምጃ አሳየ፤ የፎቶው መጠን ግን 320 በ240 ፒክስል ነበር። ሁለቱም ካሜራዎች ምስሉን በውስጣቸው በተገጠመ ሚሞሪ ስለሚያስቀምጡ ወደ ኮምፒውተር የሚያወጡት በኬብል ነበር። የዘመኑ ሲሪያል ኬብል በተለመደው ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 115,200 ቢት ያስተላልፋል። አንድ ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስክ የሚሞላ መረጃ በዚህ መንገድ ለማለፍ፣ አንድም መስተጓጎል ሳይገጥመው፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ደግሞ ልዩ ሶፍትዌር መጫን፣ ትክክለኛውን መሰኪያ መምረጥ፣ ቅንብሩን ማስተካከል ያስፈልጋል። ዩኤስቢ በ1996 ይፋ ቢደረግም ገና በየጠረጴዛው አልደረሰም። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎችም ነበሩ፤ ካርዱ ግን ውድ ነበር፣ ማንበቢያውም በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ካሜራውን የገዛው ሰው ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰከንድ፣ ፎቶውን ለማውጣት ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠየቅ ነበር።

ማቪካ ይህን ሁሉ የተሻገረው ማንም ሰው የሚያውቀውን ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ በካሜራው ሆድ ውስጥ በማስገባት ነው። ካሜራው ምስሉን በጄፔግ ፎርማት አሳንሶ በቀጥታ በፍሎፒው ላይ ይጽፋል። በአንድ ዲስክ ላይ በከፍተኛው ጥራት ከ15 እስከ 20፣ በመደበኛው ደግሞ እስከ 40 የሚደርሱ ፎቶዎች ይገባሉ። ዲስኩን አውጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ መክተት ነው፤ ኬብልም ሆነ ልዩ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ፍሎፒ ለመጻፊያነት ብቻ ሳይሆን ለመስጫነትም ርካሽ መሆኑ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። የቤት ሽያጭ ደላላው የቤቱን ፎቶ የያዘውን ዲስክ ለደንበኛው በእጁ ሰጥቶት ይሄዳል፤ የኢንሹራንስ ገማቹ የተጋጨውን መኪና አንስቶ ዲስኩን ከፋይሉ ጋር ያያይዛል፤ መምህሩ የክፍሉን ሥራ አንስቶ እያንዳንዱን ዲስክ ለየተማሪው ያድላል። በኛም አገር በኮምፒውተር ጽሑፍ ቤትና በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ፍሎፒ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ይዞር እንደነበር ያስታውሳል። ሶኒ ያደረገው ያንን የተለመደ ልማድ ለፎቶ መንገድ አድርጎ መጠቀም ነው። አዲስ መሣሪያ አዲስ ልማድ እስኪፈጠር አልጠበቀም፤ ሰዎች ቀድሞውኑ በሚሄዱበት መንገድ ገባ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ዙሙ እንመለስ። ኤፍ ዲ 7 የያዘው ሌንስ 10 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም ነበር። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ከ4.2 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ ሚዛን ከ40 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ዕይታ ይሰጣል። የፊልም ካሜራ ይህን ያህል ርቀት ለማቅረብ ረጅም፣ ከባድና ውድ ሌንስ ይፈልጋል። ማቪካ ግን የምስል መቀበያ ሴንሰሩ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለነበረ አጭር ሌንስ በቂው ሆነ። ሴንሰሩ ባነሰ ቁጥር ያው ዕይታ ባጠረ ሌንስ ይገኛል፤ ይህ የብርሃን ሕግ ነው። የሶኒ መሐንዲሶች ይህንን ሕግ ለብዙ ዓመት በቤት ውስጥ ቪዲዮ ካሜራዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ የኤፍ ዲ 7 ሌንስም ሆነ ባትሪው የዚያ ልምድ ውጤት ነው። ሌንሱ በሰፊው ዕይታ በኩል ኤፍ 1.8 ድረስ መከፈቱም ከዚያው የመጣ ጥቅም ነው፤ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ብዙ ብርሃን ያስገባል።

የዚህ ዙም ዋጋ ስንት እንደሆነ በስሌት ማሳየት ይቻላል። ወርዱ 1,280፣ ቁመቱ 960 ፒክስል የሆነ ፎቶ የሚያነሳ፣ ዙሙ 3 እጥፍ ሆኖ 114 ሚሊ ሜትር ላይ የሚያበቃ ካሜራ እንውሰድ፤ ለዘመኑ ምርጥ የሚባል ነው። ከሜዳው ማዶ የቆመን ተጫዋች ፊት ማቪካ በ400 ሚሊ ሜትር በሚያሳየው መጠን ለማሳየት፣ የዚህ ካሜራ ባለቤት ፎቶውን በኮምፒውተር ቆርጦ መሐሉን ብቻ ማስቀረት አለበት። 114 ለ400 ሲካፈል 0.285 ነው፤ ስለዚህ ከወርዱ የሚተርፈው 365፣ ከቁመቱ የሚተርፈው 274 ፒክስል ያህል ይሆናል። በድምሩ 100 ሺህ ገደማ ነው። በማቪካ ግን ያ ፊት ሙሉውን 307,200 ፒክስል ያገኛል። በማስታወቂያው አራት እጥፍ የበለጠው ካሜራ በሩቅ ነገር ላይ ሲሦ ያህሉን ብቻ ይዞ ቀረ ማለት ነው። በዲጂታል ዙም ስም የሚሸጠው ዘዴ ይህንን አይለውጥም፤ እሱ የሚሠራው ይህንኑ መቁረጥና መለጠጥ ነው። ኦፕቲካል ዙም ግን ገና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ሳያርፍ ነገሩን ስለሚያቀርብ የሚባክን ፒክስል የለም። በቅርብ ላለ ነገርና ለሰፊ መልክዓ ምድር ብልጫው የባለ ብዙ ፒክስሉ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሰዎች ካሜራ ይዘው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ፣ የትምህርት ቤት መድረክ፣ የስፖርት ሜዳ፣ የግንባታ ሥፍራ፣ መቅረብ የማይቻልባቸው ናቸው።

በአያያዝ በኩል ማቪካ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ክርክሩ የሚጸናውም እነዚህን ሳይደብቅ ነው። ፍሎፒ 90 በ94 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ካሜራው ከዚያ ማነስ አይችልም፤ ስለዚህ አራት ማዕዘን ሣጥን መሰለ፣ ኪስም አልገባም። በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ ስላልነበረው ፎቶ አንሺው ሙሉ በሙሉ የሚተማመነው ከጀርባ ባለው 2.5 ኢንች ስክሪን ላይ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደግሞ ያ ስክሪን እየገረጣ ለማየት ያስቸግራል። ካሜራውን ከፊት አርቆ በሁለት እጅ መያዝ ስለሚጠይቅ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጨምራል፤ በ400 ሚሊ ሜትር ዕይታ ላይ ይህ ከባድ ነው። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ደንብ ለእንዲህ ያለ ርቀት ቢያንስ የሰከንድ አንድ 400ኛ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ኤፍ ዲ 7 ግን መንቀጥቀጥን የሚያርም መሣሪያ አልነበረውም። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ለመሻገር ዲስኩ እስኪጻፍ ጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ ግድ ነበር። በሰፊው በኩል 40 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሚቆም በጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ እንኳ ሁሉንም ሰው ማስገባት ያስቸግራል። በአንጻሩ ባትሪው የቪዲዮ ካሜራ ባትሪ ስለነበረ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የቀረውንም ጊዜ በደቂቃ ቆጥሮ በስክሪኑ ላይ ያሳያል። በተራ ድንጋይ ባትሪ የሚሠሩት ተፎካካሪዎቹ ይህንን ማድረግ አይችሉም ነበር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥራት የሚነሳ ነው። 307,200 ፒክስል በ300 ነጥብ በኢንች ጥራት ቢታተም 5.4 በ4.1 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ይህ ከጉርድ ፎቶ እምብዛም አይሰፋም። እንዲህ ያለ ምስል የሚሰጥ መሣሪያ ለምን ይወደሳል? መልሱ ምስሉ የት እንደሚታይ ከመጠየቅ ይመጣል። አይ ቢ ኤም በ1987 ያስተዋወቀው ቪ ጂ ኤ ደረጃ ስክሪኑን 640 በ480 አድርጎ ወስኖት ነበር፤ በ1990ዎቹ ማብቂያም ብዙ ኮምፒውተሮች ከዚያ ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚሠሩት። የማቪካ ፎቶ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ወይም ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ይታያል። በኢንተርኔት ለመላክም ቀላል ነበር፤ በስልክ መስመር ይጓዝ በነበረ ግንኙነት ትልቅ ፋይል ሸክም እንጂ ጥቅም አልነበረም። ትልቅ የግድግዳ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ፊልም ነበረው፤ ዲጂታሉን የገዛው ሰው ይፈልግ የነበረው ዛሬ አንስቶ ዛሬ የሚያሳየው ምስል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ለስኬቱ ፍሎፒው ብቻውን በቂ ነው፣ ዙሙ ትርፍ ጌጥ ነበር የሚል ነው። ይህንን ለመመዘን ሶኒ ራሱ የተወልን ማስረጃ አለ። ከኤፍ ዲ 7 ጋር አብሮ የወጣው ኤፍ ዲ 5 በፍሎፒ የሚጽፍ፣ የፎቶው መጠንም አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሌንሱ ግን የማይንቀሳቀስ ካሜራ ነበር። ኤፍ ዲ 5 ወደ 600፣ ኤፍ ዲ 7 ደግሞ ወደ 800 ዶላር ያወጣ ነበር። ገዢው ለዙሙ 200 ዶላር ያህል የመክፈልና ያለመክፈል ምርጫ ተሰጠው። ኩባንያው ከገበያው ምን እንደተማረ በቀጣይ ሥራው ይታያል፤ በ1998 ኤፍ ዲ 91 የተባለውን 14 እጥፍ ዙምና መንቀጥቀጥን የሚያርም ሌንስ ያለው ካሜራ አወጣ፤ ከ1999 ጀምሮ የወጡት የፍሎፒ ማቪካዎች ደግሞ ሁሉም ዙም ያላቸው ናቸው። ትርፍ ጌጥ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ርካሹ ሌንስ እየበረታ፣ ውዱ እየቀረ ይሄድ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም ይህንኑ አቅጣጫ ያዙ፤ ኦሊምፐስ በ2000 ያወጣው ሲ 2100 ባለ 10 እጥፍ ዙም ካሜራ ነበር፣ ፍሎፒ ግን አልነበረውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፍሎፒው መውጫ የሌለው መንገድ ነበር ይላል። አፕል በ1998 አይማክን ያለ ፍሎፒ ማንበቢያ አወጣ፤ የፎቶው ፒክስል ሲጨምርም በአንድ ዲስክ ላይ የሚገቡት ጥቂት ብቻ ሆኑ። ሶኒ በ2000 ማቪካን 156 ሜጋባይት በሚይዝ ትንሽ ሲዲ ላይ እንዲጽፍ አደረገው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መስመሩ በሚሞሪ ካርድ ተተካ። እውነት ነው፣ ፍሎፒው ሞተ። ይህ ግን የቀረበውን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። ፍሎፒው የጠፋው ምስልን ለሌላ ሰው የማድረስ ጥያቄ ስለጠፋ አይደለም፤ ዩኤስቢና ኢንተርኔት ያንኑ ጥያቄ የተሻለ ስለመለሱት ነው። ዙሙም እንዲሁ ነው፤ ሁዋዌ በ2019 ፒ 30 ፕሮ በተባለው ስልኩ ውስጥ ብርሃኑን በመስታወት አጥፎ 5 እጥፍ የሚያቀርብ ኦፕቲካል ሌንስ የጨመረው፣ ፒክስል ብቻውን ሩቁን እንደማያቀርብ ስለሚያውቅ ነው። መልሶቹ ተለዋወጡ፤ ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው።

ይህ ክርክር ትክክል ከሆነ ዛሬ የሚያስከትለው ግዴታ አለ። የምስል ዋጋ ለሰው በመድረሱ ላይ ከሆነ፣ መድረሻው የተዘጋበት ምስል እየሞተ ነው ማለት ነው። ሶኒ የፍሎፒ ሽያጩን በጃፓን በ2011 አቁሟል፤ ማንበቢያ ያላቸው ኮምፒውተሮች ከየቢሮው ወጥተዋል፤ በዲስኩ ላይ ያለው የማግኔት ጽሑፍም በጊዜና በእርጥበት ይደክማል። በየመሳቢያውና በየመዝገብ ቤቱ የቀሩ ፍሎፒዎች ላይ የዚያ ዘመን ሠርግ፣ ግንባታ፣ ጥናትና ምረቃ ተቀምጦ ይሆናል፤ ለብዙዎቹም ሌላ ቅጂ ላይኖር ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ዛሬም በትንሽ ዋጋ ይገኛል፣ ፎቶዎቹም በተራ ጄፔግ ስለተጻፉ ያለ ልዩ ሶፍትዌር ይከፈታሉ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዲስክ ያለው ግለሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ ማንበቢያው ከገበያ ሳይጠፋና ዲስኩ ሳይደክም፣ ዛሬውኑ ይገልብጠው።